ግማሽ ቀይ፣ ግማሽ ሰማያዊ

የሸማኔ ጡረታ ደብዳቤ የለውም። ጉድጓዱ ሲደፈን ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተሃል ማለት ነው። የኔን ጉድጓድ ያስደፈነችው ባለቤቴ ይታይሽ ናት፤ "አንድ ቀን ገብተህበት እግርህን ትሰብራለህ" አለችና አፈር አስመጥታ አስሞላችው። አሁን እዚያ ላይ ዶሮ ታቅፋበታለች። ዕድሜዬን እግሬን ዘርግቼ የሠራሁበት ቦታ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች፤ እኔም ቆሜ አያታለሁ።

ሰው ምን ሠርተህ ኖርክ ብሎ ሲጠይቀኝ ባና ሠሪ ነበርኩ ብዬ እጀምርና የኳስ ደጋፊዎች የአንገት ልብስ ሠሪ ነበርኩ ብዬ እጨርሳለሁ። ከዚያ ወደዚህ እንዴት እንደመጣሁ ሳስረዳ ከጠያቂው ይልቅ እኔው ግራ እጋባለሁ። ባና ማለት ከበግ ጠጉር የሚሠራ ወፍራም የብርድ ልብስ ነው፤ እኛ ደገኞች ያለ እሱ ክረምት አይወጣልንም። ደጋፊ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን ስንት ዓመት ለደጋፊ ሠርቼ እንኳን አጥርቼ አላውቅም። ብቻ እንዳየሁት ልናገር፤ የገባው ካለ ይንገረኝ።

መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነና እኔም ወታደርነቴን ትቼ ወደ መካነ ሰላም ተመለስኩ። ከአባቴ መሬት ለኔ የሚደርስ አልነበረም፤ ይታይሽ ደግሞ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሥራ ፍለጋ ማሻ ድረስ ሄጄ ከገበያው ጀርባ ባና የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ተጠጋሁ። ጋሽ ይመር ይባላሉ፤ ትውልዳቸው ከመቅደላ አምባ ሥር ነው። እኔ ክርስቲያን፣ እሳቸው ሙስሊም፤ ይህ በእኛ አገር ወሬ አይሆንም። ወሬ የሆነው የገበሬ ልጅ ሸማኔ ሊሆን መሄዱ ነው። አማቴ ይህን ስትሰማ ኩርፊያዋ ለጉድ ነበር። በኋላ ብርዱ ሲጠና "እስቲ ለኔም አንድ ባና" ብላ ታረቀችኝ።

ጋሽ ይመር የተፈተለ ክር በጣታቸው አይፈትሹም፤ በከንፈሮቻቸው መካከል ቀስ አድርገው ይስቡታል። "ጣትን ሥራ ያደነዝዘዋል፤ ከንፈር ግን ያውቃል" ይሉ ነበር። የጀርባውን ጠጉር ለባናው አካል፣ የግልገሉን ለስላሳ ጠጉር ለጫፉ፣ የሆዱን ለምንም አያውሉትም። ታጥቦ የደረቀ ጠጉር በደጋን ሲነደፍ እሳቸው ውጭ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ድምፁን ያዳምጣሉ። "ገና ነው፤ ይጮኻል" ይሉኛል። በደንብ የተፍታታ ጠጉር ላይ የደጋኑ ድምፅ ይታፈናል፤ እኔ ይህን መለየት ሳልችል ክረምት ከበጋ ተፈራረቀብኝ። ተሠርቶ ከወረደ በኋላ ደግሞ ባናው በሙቅ ውሃ ተነክሮ በእግር ይረገጣል። ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ እየዘፈነ፣ ጠጉር ከጠጉር እስኪጣበቅ ድረስ ይረግጠዋል። እንደዚህ የተረገጠ ባና በመቀስ ቢቆረጥ እንኳን አይተረተርም።

ከሁሉም የማልረሳው ግን ጥያቄያቸውን ነው። ሰው ባና ሊያዝ ሲመጣ ቁመቱንም ቀለሙንም ከመጠየቃቸው በፊት "ለማን ነው?" ይላሉ። ለእናቴ ነው ካለ፣ እናትህ ምን ይመስላሉ፣ ብርድ ይበረታባቸዋል ወይ፣ ሲተኙ ይገላበጣሉ ወይ እያሉ ይቀጥላሉ። ነጋዴ መጥቶ "ለገበያ ነው" ሲላቸው ፊታቸው ይጠቁራል። "ገበያ ብርድ አይበርደውም" ብለው ይመልሱታል። በዚህም ብዙ ሥራ አምልጦናል፤ እኔም በሆዴ ተበሳጭቻለሁ።

የአማቾች ባና የሚሉትም ነበራቸው። ሁለት ቤተሰብ በጋብቻ ሲገናኝ ግማሹ ከሙሽራው ቤት ጥቁር በግ፣ ግማሹ ከሙሽሪት ቤት ነጭ በግ ጠጉር ይሠራል። መካከሉ ላይ ጥቁሩና ነጩ አንድ ላይ ተነድፈው አንድ ስንዝር ያህል ግራጫ ይሆናል፤ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ አይታወቅም። በበዓል አማቾቹ አብረው ይቀመጡበታል። መቀስ የሚነካው ጋብቻው የፈረሰ ለት ብቻ ነው። ያን ጊዜ ሽማግሌ ባለበት መካከሉ ላይ ይቆረጥና ሁሉም ግማሹን ይዞ ይሄዳል። አንዴ ሲቆረጥ አይቻለሁ። የተፈታችው ሴትዮ ግማሿን ታቅፋ ቁልቁለቱን ስትወርድ ጋሽ ይመር ጀርባቸውን ሰጥተው ክር ሲያጠነጥኑ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተገናኘ ጨርቅ ላይ መቀስ ሲነሳ ማየት አልወድም።

ሥራው እጄ ሲገባ መካነ ሰላም ተመልሼ የራሴን ጉድጓድ ቆፈርኩ። መጀመሪያ ለብቻዬ ሠራሁ፤ በኋላ በማኅበር ተደራጁ ሲባል በማኅበር። ሊቀመንበራችን ስብሰባ የሚወድ ሰው ነበር፤ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ሳይል ስብሰባ አይከፍትም። እኛ ድር ስንፈታ የምንውል ሰዎች እርስ በርስ እንተያያለን፤ ድር ሲያብር ብዙ ጊዜ የሚሆነው መወሳሰብ ነው። ወረቀቱ ብዙ፣ ገቢው ጥቂት ነበር። ደሴ ባዛር ላይ ባናዬን ዘርግቼ ብቀመጥ ከተሜዎቹ እየዳሰሱ "ይኮሰኩሳል" ብለው ያልፋሉ። በዚያው ሰሞን ከዱባይ የሚመጣው ለስላሳ ብርድ ልብስ፣ ያ የነብር ሥዕል ያለበት፣ አገሩን ወረሰው። ዓረብ አገር ልጅ ያለው ቤት ሁሉ አንድ ነብር አለው። ከአልጋው የወረደው የኔ ባና በር ላይ እግር መጥረጊያ ሆኖ ያየሁበት ቤትም አለ፤ ሰላምታ ሰጥቼ ረግጬው ገባሁ።

ብርቄ፣ አንዲቷ ልጄ፣ ያኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት አልመጣላትም ነበር። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ዓረብ አገር ይሄዱ ነበር። ደላላው የሰፈራችን ሰው ነው፤ እየመጣ ሰላምታውን ያበዛና "ይህቺን የመሰለች ልጅ ቤት ተቀምጣ ምን ትሆናለች?" ይላል። አንድ ቀን ከወጣ በኋላ ብርቄ "አባዬ፣ እኔ መሄድ አልፈልግም። እዚህ የሚያቆየኝ ሥራ ካገኘሁ እቀራለሁ" አለችኝ። ያን ቃል ከሰማሁ በኋላ እንቅልፍ ነሳኝ፤ የሚያቆያት ሥራ የት እንዳለ አላውቅማ። እሷ ግን አስባበት ኖሯል።

ሰይድ የሚባል ወጣት እህቱ ከሳዑዲ በላከችለት ቴሌቪዥን ኳስ የሚያሳይበት ቤት ከፍቶ ነበር። በጨዋታ ቀን ከተማው ሁለት ይሆናል፤ የቀዩ ቡድን ደጋፊና የሰማያዊው ቡድን ደጋፊ። ሁለቱም ቡድኖች የእንግሊዝ አገር ናቸው። ከደጎሎ በጭነት መኪና ላይ ተጭነው የሚመጡ ሁሉ ነበሩ። ብርቄ የቀዩ ናት። ለምን ቀዩን መረጥሽ ብላት "እንዴ፣ አባዬ!" አለችኝ፤ ከዚያ የተሻለ መልስ እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

"ለእነዚህ ልጆች በቡድናቸው ቀለም የአንገት ልብስ ብንሠራላቸውስ?" አለችኝ።

"ለማን ነው?" አልኩ በልማዴ።

"ለደጋፊ ነዋ።"

"ደጋፊ ማነው?"

"ሄደህ እየው።"

ሄድኩ። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው በአግዳሚ ላይ ተጣብቦ ተቀምጧል። አንድ እንግሊዝ አገር ያለ ሰው ኳስ ሳተ። አጠገቤ የተቀመጠው የጭነት መኪና ረዳት ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ አለቀሰ። መርዶ የሰማ መስሎኝ ትከሻውን ያዝ አድርጌ "እግዜር ያጽናህ፣ ልጄ" አልኩት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ብርቄ እጄን ይዛ አወጣችኝ።

"ማን ሞቶበት ነው?" አልኳት።

"ማንም አልሞተበትም፤ ተሸንፎ ነው።"

"እሱ መቼ ተጫወተ?"

ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች።

ሥራው እንዲህ ተጀመረ። ነጩን ጠጉር መርጠን ከደሴ በሚመጣ ቀለም እንቀቅለዋለን። የመጀመሪያው ቀይ እንደ ዳማ ፈረስ ሆኖ ወጣ፤ ልጆቹ አይተው "ይሄ ደግሞ የየት ቡድን ነው?" አሉ። ሰማያዊው ወይን ጠጅ ሆነ። ብርቄ ከጋዜጣ የቆረጠችውን የተጫዋቾች ፎቶ ከምድጃው በላይ ለጥፋ፣ ጠጉሩን በእንጨት እያወጣች ከፎቶው ጋር ታስተያያለች፤ ጨው ትጨምራለች፣ ሎሚ ትጨምቃለች፣ እንደገና ትነክረዋለች። እርጥብ ጠጉር ቀለሙ ደማቅ ይመስላል፤ ሲደርቅ ይፈዛል። ስለዚህ ከሚፈለገው ትንሽ አጥቁረህ ማውጣት አለብህ፤ ይህን ማንም ሳያስተምራት ደረሰችበት። ይኮሰኩሳል የሚለውን ወቀሳ ደግሞ እኔ መለስኩት። ድሩን ጥጥ አደረግኩ፣ ማጉን የግልገል ጠጉር፤ ከተረገጠ በኋላ አንገት ላይ ለስለስ ብሎ ይተኛል። የመጀመሪያውን በከንፈሬ ስቤ ሳየው ጋሽ ይመር አጠገቤ ያሉ መሰለኝ።

ተወደደልን። ብርቄ በሰይድ ቤት በር ላይ ቀዩን በቀኝ ክንዷ፣ ሰማያዊውን በግራ ክንዷ ደርድራ ትቆማለች። ሰማያዊ ሊገዛ የመጣውን "ገንዘብህን ለለቅሶ ብታውለው ይሻልህ ነበር" ትለዋለች፤ እሱም እየሳቀ ይገዛታል። ደላላው እግሩን አሳጠረ። እኔና እሷ እንደ ባናው ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን የአንገት ልብሱን እንረግጣለን፤ የጋሽ ይመርን ዘፈን ትታ የደጋፊዎቹን ታወጣለች፣ እኔም ቃሉ ሳይገባኝ እቀበላታለሁ። ያን ጊዜ ደስተኛ ነበርኩ። አሁን ሳስበው በሥራ ዘመኔ ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረኝም።

ታዲያ ሁለቱ ቡድኖች እርስ በርሳቸው የሚጋጠሙበት ቀን ቀረበ። ብርቄ ቀለም ልታመጣና አንድ ባለሱቅ ልታነጋግር ደሴ አክስቷ ዘንድ ሄደች። ባለሱቁ ሥራችንን ከወደደው ትልቅ ትእዛዝ አለ፤ ያ ትእዛዝ ማለት ደግሞ ብርቄ ቀረች ማለት ነው። ስትሄድ ለጨዋታው ቀን ቀዩንም ሰማያዊውንም ለየብቻ፣ እኩል እኩል አድርጌ እንዳደርስላት አደራ አለችኝ። በደንብ ሰምቻታለሁ።

እሷ በሌለችበት ሰይድ ቤት ጠብ ተነሳ። አግዳሚ ተሰበረ፣ አንዱ ግንባሩን ተፈነከተ። ፈንካቹና ተፈንካቹ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? አንዱ የሙሽራ ወንድም፣ ሌላው የሙሽሪት ወንድም፤ ሰርጋቸው ላይ እኔም በልቻለሁ። አማቾች ናቸው እኮ! ጉድጓዴ ውስጥ ተቀምጬ ሳሰላስል የጋሽ ይመር የአማቾች ባና ትዝ አለኝ።

በቃ፣ ይኸው ነው ያደረግኩት። ሁሉንም የአንገት ልብስ ግማሹን ቀይ፣ ግማሹን ሰማያዊ አድርጌ ሠራሁት። አንዱ ጫፍ ቀይ፣ ሌላው ጫፍ ሰማያዊ፤ ማጅራት ላይ ሁለቱን ጠጉር አንድ ላይ ነድፌ ወይን ጠጅ አደረግኩት፤ መጋጠሚያው አይታይም። ስሠራ ለብቻዬ እስቅ ነበር። እነዚያ ሁለት አማቾች አንድ ዓይነት ለብሰው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይታየኝ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያማረ ሥራ ከእጄ አልወጣም።

ዝናብ መንገዱን አበላሽቶት ብርቄ የደረሰችው ጨዋታው በሚካሄድበት ቀን ነው። ጭቃዋን ሳታራግፍ ገባች።

"ቀዩ የት አለ?"

"ይኸው።"

"ሰማያዊውስ?"

"ይኸው እኮ ነው።"

አንዱን አነሳች፣ ሌላውን አነሳች፣ ከሥር ያለውን አነሳች። "ሁሉም?" አለች።

"ሁሉም" አልኳትና ያሰብኩትን አስረዳኋት፤ ስለ ጠቡ፣ ስለ አማቾቹ፣ ስለ ባናው። እስክጨርስ ሰማችኝ።

"አባዬ፣ እነሱ እኮ መታረቅ አይፈልጉም። እየተጣሉ መዋሉ ነው ደስ የሚላቸው" አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ድካም ብቻ ነበር ድምፅዋ ላይ።

የሆነ ሆኖ ተሸክመን ሄድን። የመጀመሪያው ልጅ በደስታ አነሳና ሌላውን ጫፍ ሲያይ እንደ እባብ ጣለው። ሌላው "ጋሼ፣ የሁለት ቤት ሰው ሆኑብን?" አለኝ። ሰዉ ከቦን ይስቃል፣ የሚቆጣም አለ። ያ "እግዜር ያጽናህ" ያልኩት ረዳት መጥቶ ጨርቁን አገላብጦ አየና "ሥራውስ ያምራል። ጋሼ፣ ግማሹን ይሽጡልኝ" አለ።

"ግማሹን እንዴት አድርጌ?"

"ሰማያዊውን ቆርጠው ይስጡኝ። ቀዩን ለጠላቴ ይሽጡለት።"

"ለኔም! ለኔም ቀዩን!" አሉ ከኋላ። ብርቄ ፊቷ በራ። ከቅርጫቱ መቀሱን አወጣች። እኔ እጇን ያዝኩ።

"አባዬ፣ ልቁረጠው።"

"አይቆረጥም።"

"ጨርቅ እኮ ነው፣ አባዬ።"

"የተገናኘ አይቆረጥም አልኩሽ!"

መቀሱን ከእጇ ወሰድኩት። ያቺ ሴትዮ ግማሿን ታቅፋ ቁልቁለቱን ስትወርድ ነበር የምትታየኝ፤ ይህን ግን ለማን ላስረዳ? ጨዋታው ጀመረ ተባለና ሰዉ ተንጋግቶ ገባ፣ በሩ ተዘጋ። እኔና ብርቄ ቅርጫታችንን ይዘን ደጅ ቀረን። ከውስጥ ጩኸት ሲሰማ ብርቄ በሩን ታያለች፤ እኔ እሷን አያለሁ። የደሴው ባለሱቅም ወሬው ደርሶት ይሁን በሌላ ምክንያት እንጃ፣ ሐሳቡን መቀየሩን ላከብን።

በሳምንቱ አንዱን ይዤ ማሻ ሄድኩ። ጋሽ ይመር ዓይናቸው ደክሞ፣ ከቤት ወጥተው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ ይመር።"

"ወአለይኩም ሰላም። ሞላ ነህ? አፍየት ነህ?"

"ይመስገን" አልኩና ጨርቁን እጃቸው ላይ አደረግኩት። ክሩን ከጫፉ መዝዘው በከንፈራቸው ሳቡት። ጨርቁን እየዳሰሱ ማጅራቱ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

"ማሻአላህ፣ እዚህ ጋ ጥሩ ነድፈኸዋል። ለማን ነው?"

"ለሁሉም።"

"ለሁሉም የሚባል ሰው አላውቅም።"

ነገሩን ከሥር እስከ ጫፉ ነገርኳቸው። "ልጆቹ ሊጋቡ ነው?" አሉኝ።

"አይደለም፤ ኳስ ሊያዩ ነው።"

"አጃኢብ!" አሉ። "ሞላ፣ አማቾቹ ባናው ላይ የሚቀመጡት ተስማምተው ነው እንጂ ባናው አስማምቷቸው አይደለም። ይህን አልነገርኩህም ነበር?"

"አልነገሩኝም።"

"እንግዲያው የኔ ጉድለት ነው፣ አብሽር። ልጅቱስ?"

"ልትሄድ ነው፤ ደላላውን ራሷ ጠራችው።"

ጨርቁን አጣጥፈው መለሱልኝ። "ለእሷስ ምን ሠርተህላት ታውቃለህ?" አሉኝ። ምንም ሠርቼላት አላውቅም። ለአማቴ ሠርቻለሁ፣ ለሊቀመንበሩ ሠርቻለሁ፣ እንግሊዝ አገር ላለ ቡድን ወዳጆች ሠርቻለሁ። ለልጄ አንድ ክር አልወረወርኩላትም።

ወደ ቤት ስመለስ ወፍራም ነገር ልሠራልሽ አልኳት። "አባዬ፣ እዚያ እኮ ሙቀት ነው፤ ምን ያደርግልኛል?" አለችኝ። እውነቷን ነው ብዬ ተውኩት። ያለ ምንም ነገር ሄደች። በዚያ ቀን ምክንያት ይሁን፣ በጓደኞቿ ምክንያት ይሁን፣ በኔ ይሁን፣ አውቶቡሱ ውስጥ ስትገባ ልጠይቃት ፈልጌ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራው እየሟሸሸ ሄደ። ከቻይና የመጣ የታተመ ማልያ ገበያ ላይ ተከመረ፤ ልጆቹም የተጫዋች ስም ከጀርባው የተጻፈበትን ይፈልጋሉ። እኔ ያንን በጠጉር አልችልበትም። ያልተሸጡት ባለ ሁለት ቀለሞች ሳጥን ውስጥ ገቡ። ብርቄ በየጊዜው ትደውላለች። "ደህና ነህ? እናቴ ደህና ናት? እኔ ደህና ነኝ።" ከዚያ እንሰነባበታለን። ስለምትሠራበት ቤት አትነግረኝም፤ እኔም ስለ ሥራዬ አልነግራትም። ስልኩ ሲዘጋ ይታይሽ "ምን አለችህ?" ትለኛለች፤ "ደህና ነኝ አለች" እላታለሁ። ልጄን ወድጄ ልጄን ማናገር እንዴት ያቅተኛል ብዬ ራሴን እታዘብ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ለእረፍት መጣች። ያመጣችልን ስጦታ ምን መሰላችሁ? ነብር። ይታይሽ በደስታ አልጋው ላይ ዘረጋችው፤ እኔም ከሥሩ ተኛሁ፤ ሙቀቱን መካድ አልችልም። በማግስቱ ብርቄ ሳጥኑን ከፍታ አገኘኋት።

"አልሸጥካቸውም?"

"ማን ይገዛል ብለሽ?"

አንዱን አውጥታ ጉንጯ ላይ አደረገችው። "ሙቀት አገር ነው ብዬህ ነበር አይደል? ደጁ ነው እንጂ ሙቀት። ቤቱ ውስጥ ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ ይነፋል። እንደዚያ የበረደኝ ጊዜ የለም፣ አባዬ።" ባና ሠሪ አባት እያላት ልጄ ሰው አገር በርዷት ኖራለች።

"በዚያ ቀን መቀሱን ስቀማሽ አዝነሽብኝ ነው የሄድሽው?" አልኳት፤ ከስንት ዓመት በኋላ ወጣልኝ።

"በዚያ ቀንማ ያናደደኝ ጨዋታው ስላመለጠኝ ነው። አራት ጎል ነው እኮ የገባው፤ በጩኸት ብቻ ሰማሁት።"

"ታዲያ ለምን ሄድሽ?"

"እንጃ፣ አባዬ። ሁሉም ሄደ፣ እኔም ሄድኩ።" ከዚያ ቀና ብላ "መቀስ አለ?" አለችኝ።

አልወደድኩትም። ግን አመጣሁላት። "ጫፉን ያዝልኝ" አለች፤ ያዝኩላት። ወይን ጠጁን መሃል ለመሃል ቆረጠችው። ይተረተራል ብዬ እጄን ከሥር ዘርግቼ ነበር፤ አንድ ክር አልወደቀም። ቀዩን በራሷ አንገት ላይ፣ ሰማያዊውን በኔ አንገት ላይ ጠመጠመችው።

"አሁን ምን ሆንን ማለት ነው፣ ተለያየን?" አልኳት።

"አዎ፣ ጠላቶች ነን። አንተ የሰማያዊው ነህ፣ እኔ የቀዩ" አለችና ሳቀች። የተገናኘ ጨርቅ ሲቆረጥ ሰው ሲስቅ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። በቀዩ ጫፍ ላይ ትንሽ ሰማያዊ አለ፣ በሰማያዊው ጫፍ ላይ ትንሽ ቀይ። እረፍቷ ሲያልቅ አንገቷ ላይ እንዳደረገችው ተመልሳ ሄደች።

አሁን በጨዋታ ቀን ሰይድ ቤት እሄዳለሁ። ሰማያዊዬን አድርጌ ከሰማያዊዎቹ ጋር እቀመጣለሁ፤ ልጆቹም "ጋሼ ሞላ" እያሉ ከፊት ቦታ ይለቁልኛል። የተጫዋቾቹን ስም እስካሁን አልያዝኩም፤ ኳሱ ወዴት መሄድ እንዳለበት ግን አውቄያለሁ። ሰማያዊው ሲያሸንፍ ብርቄ ትደውልና "እሺ፣ ደስ ይበልህ" ብላ ትዘጋለች። ሲሸነፍ ግን ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ትደውላለች። ታሾፍብኛለች፣ ትሰድበኛለች፣ ከዚያ ጨዋታው ጨዋታን ያነሳና ስለ እመቤቷ፣ ስለምታሳድጋቸው ልጆች፣ ልብስ ስለምታሰጣበት ጣሪያ፣ ስለናፈቃት ነገር ሁሉ ትነግረኛለች። ስልኩ ጆሮዬን እስኪያግለው ድረስ አዳምጣለሁ። ስለዚህ ኳሱ ወደ እኛ ጎል ሲጠጋ፣ ከሰማያዊዎቹ መሃል ተቀምጬ፣ በሆዴ "ግባ፣ ግባ" እላለሁ።

ባለፈው እሑድ በሰፊው ተሸነፍን። ያ ረዳት አሁን ራሱ ሹፌር ሆኗል። ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ቢያየኝ ጊዜ አጠገቤ መጥቶ ትከሻዬን ያዝ አደረገና "እግዜር ያጽናዎት፣ ጋሼ" አለኝ።

ኪሴ ውስጥ ስልኩ መጥራት ጀምሮ ነበር።